ዋጋ ለመቀየር መሐንዲስ ለምን ይጠራል?

አክስቴ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አላት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ልጅ ድረ ገጽ ሠራላት፤ ገጹ ያምር ነበር። ችግሩ የመጣው የክር ዋጋ ሲጨምር ነው። ገጹ ላይ ያለውን የቀሚስ ዋጋ መቀየር የሚችለው የሠራው ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ከውጭ አገር የሚደውሉ ደንበኞች «ገጻችሁ ላይ ያለው እኮ ሌላ ዋጋ ነው!» እያሉ ይከራከሯት ጀመር። አንድ ቀን «ልጄ፣ አንዲት ቁጥር ለመቀየር እኔም ኢንጂነሪንግ ልማር?» አለችኝ።

መማር የለባትም። ለምን? እስቲ እንይ።

ይዘት ለብቻ፣ መልክ ለብቻ

የድሮው ገጽ ጽሑፉም፣ ቀለሙም፣ ኮዱም አንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅሎ የተጻፈ ነበር። ከጨርቁ ጋር አብሮ እንደተሸመነ ጥለት አስቡት፤ ለመለወጥ ሸማኔው ያስፈልጋል።

የይዘት አስተዳደር ሶፍትዌር እነዚህን ይለያያቸዋል። ጽሑፉና ዋጋው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣሉ። ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቀማመጡን ደግሞ «ቴም» የሚባለው ክፍል ይይዛል። አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ዋጋውን ከዳታቤዝ ያወጣል፣ ቴሙ ላይ ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል፣ ከዚያ ሙሉ ገጽ አድርጎ ይልካል። ስለዚህ ኮዱን ሳትነኩ፣ ልክ ፎርም እንደመሙላት፣ ዋጋውን መቀየር ትችላላችሁ።

ከእነዚህ ሶፍትዌሮች በጣም የታወቀው ዎርድፕሬስ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን በነጻ ይገኛል። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ 10 ድረ ገጾች 4ቱ ገደማ የሚሠሩት በእሱ ነው። ጁምላና ድሩፓልም ሐሳባቸው ተመሳሳይ ነው።

ቁልፉ በደረጃ ነው

«ተሳስቼ ሁሉንም ባጠፋውስ?» ብላ ፈርታ ነበር። ዎርድፕሬስ ለተጠቃሚዎች የተለያየ ሥልጣን ይሰጣል። ለአክስቴ የከፈትኩላት የ«አርታኢ» መለያ ነው፤ ጽሑፍና ፎቶ ትቀይራለች፣ ቴሙንና ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን ግን መንካት አትችልም። ጽሑፍ ብታበላሽም የቀድሞው ቅጂ ስለሚቀመጥ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

«ሐበሻ» ወይስ «ሀበሻ»?

አንድ የእኛ የቤት ሥራ አለ። ለእኛ ሐ እና ሀ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ገጹ ላይ «ሐበሻ ቀሚስ» ከተጻፈ፣ በገጹ መፈለጊያ «ሀበሻ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። እኛ በልብሱ መግለጫ ውስጥ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገባን። ሌላም አለ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዳታቤዙ ለዩኒኮድ ካልተዘጋጀ ግን አማርኛው «????» ሆኖ ይወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሶፍትዌሩ ሁሉንም አይፈታም። ድረ ገጽ ለሚሠራላችሁ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡ፦

1. የገጹ አድራሻ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በሠሪው ስም ከሆነ፣ እሱ ሲጠፋ አድራሻውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።
2. ዋናው የይለፍ ቃል እኔም ጋ አለ?
3. መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል? ዎርድፕሬስ ላይ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ፣ ፎቶው ግን በፋይል ተለይቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሁለቱም ቅጂ ያስፈልጋል።
4. ማሻሻያ ሲወጣ ማን ይጭነዋል? ያልታደሰ ሶፍትዌር ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ በር ነው።

የአክስቴ የድሮው አድራሻ በልጁ ስም ስለነበር አልተመለሰም፤ አዲስ አወጣንላት። ይኼኛው በራሷ ስም ነው። ዋጋ ሲጨምር ደግሞ ሱቋ ውስጥ እንደተቀመጠች በስልኳ ትቀይረዋለች።