ለአፍላ ወጣት ሴቶች የሚሰጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ አገልግሎት፦ ዕድሜ ብቻውን ክልከላ አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን የዕድሜ ክልል አፍላ ወጣትነት ይለዋል። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ ወልደው ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር፤ በገጠር 15 በመቶ፣ በከተማ 5 በመቶ መሆኑ ነው። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ በገጠር በዚህ ዕድሜ የሚያረግዙት በአብዛኛው ባለትዳሮች ናቸው። ስለ ወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና ሲነሣ ግን በብዙ ባለሙያዎች አእምሮ ቀድማ የምትመጣው ያላገባችው የከተማ ተማሪ ናት።

ከሕክምና አንጻር ዕድሜ ብቻውን ማንኛውንም የወሊድ መቆጣጠሪያ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ መሠረት በዕድሜ ረገድ ፒልና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው መከላከያ ለአፍላ ወጣቶች በምድብ 1 ይገኛሉ። ዴፖ ፕሮቬራ ከ18 ዓመት በታች፣ ሉፕ ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ላሉት በምድብ 2 ተመድበዋል። ምድብ 2 ማለት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ማለት እንጂ ክልከላ አይደለም። ፒል፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረውን ለመስጠት የማኅፀን ምርመራ አያስፈልግም፤ እርግዝና አለመኖሩ በጥያቄዎች ከተረጋገጠም የወር አበባ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብላ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ የምትመለስ ልጅ ቀጣይ ጉብኝቷ ለእርግዝና ክትትል ሊሆን ይችላል።

ባለትዳሯን ወጣት ከአገልግሎቱ የሚያርቃት ዋነኛው ነገር «መካን ያደርጋል» የሚለው ሥጋት ነው። ሙሽራዋ ወላድ መሆኗን እንድታሳይ ባልም አማትም ይጠብቃሉ። ባለሙያውም አንዳንዴ «መጀመሪያ አንድ ውለጂ» ብሎ ይህንኑ ሥጋት በነጭ ጋዋን ያጸድቀዋል። ሥጋቱ ከባዶ የተነሣ ግን አይደለም። በአገራችን በስፋት የሚወሰደው መርፌው ነው፤ ከመጨረሻው የዴፖ መርፌ በኋላ ለማርገዝ እስከ ዐሥር ወር ገደማ መዘግየት የተለመደ ነው። ይህ ያልተነገራት ሴት መርፌውን አቁማ ግማሽ ዓመት ሳታረግዝ ስትቀር፣ ጎረቤት ሁሉ መካን ሆነች ይላል። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም። መርፌው የሚያዘገይ እንጂ የሚያመክን አለመሆኑን፣ በክንድ የሚቀበረው ሲወጣና ፒሉ ሲቆም ግን የማርገዝ ችሎታ ወዲያው እንደሚመለስ ማስረዳት ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት መውለድ ለምትፈልግ ልጅ ከመርፌ ይልቅ እነዚህ ይስማማሉ።

ምርጫው ግን በዚህ ብቻ አይወሰንም። ፒል በቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ በክንድ የተቀበረው ሲዳሰስ ይታወቃል፤ መርፌ ምልክት አይተውም። ከባሏ ወይም ከእናቷ መሰወር ለምትፈልግ ወጣት ይህ ከውጤታማነት እኩል የሚመዘን ጉዳይ ነው። የደም መፍሰስ ለውጥም እንዲሁ። በመርፌም ሆነ በክንድ በሚቀበረው ያለወቅቱ ደም ጠብ ማለቱ ለጤና ባያሠጋም፣ ቤተ ክርስቲያን ከመግባት ወይም ከስግደትና ከጾም የምትታቀብ ልጅ ከቤተሰብ ልትደብቀው አይቻላትም። ሲቀር ደግሞ «ደሙ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚል ፍርሃት ይመጣል። ሁለቱም አስቀድመው ከተነገሩ ትታገሣለች፤ ካልተነገሩ ታቋርጣለች።

ያላገባችው ተማሪ ችግሯ ሌላ ነው። በባዮሎጂ ክፍል ስለ መራቢያ አካላት ትማራለች፤ መከላከያው የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጠየቅ ግን የሚነግራት የለም። የሥነ ጾታ ትምህርት ወጣቶችን ወደ ግንኙነት ይገፋፋል የሚለው እምነት በጥናት አልተደገፈም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣውና በ2018 ባሻሻለው መመሪያ የተገመገሙት ጥናቶች ትምህርቱ ግንኙነትን እንደማያፋጥን፣ እንዲያውም በአንዳንዶቹ እንደሚያዘገይ አሳይተዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ደግሞ ሰው በሞላበት ካርድ ክፍል ጮክ ብሎ «ባል አለሽ?» ከተባለች፣ ቀጥላ የምትሄደው መድኃኒት ቤት ነው። በዚያ የምታገኘው የድንገተኛ መከላከያ ክኒን ነው። 1.5 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት ቢወሰድ ይመረጣል፤ እስከ 120 ሰዓትም በቀነሰ ኃይል ይሠራል። ቀድሞ የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጥም፤ ፅንስንም አይጎዳም። ደጋግማ የምትገዛ ልጅ ግን ቋሚ መከላከያና ከኤች አይ ቪ የሚጠብቃት ኮንዶም ያስፈልጋታል፤ ሸጦ መስጠት ብቻ አይበቃም።

ዘግይታ አርግዛ የምትመጣም አለች። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ነፍሰ ጡሯ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ በአካልም በአእምሮም ዝግጁ ካልሆነች እርግዝናን በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም የነገረችው ዕድሜ በቂ እንደሆነና ማስረጃ እንደማይጠየቅ ደንግጓል። መታወቂያ አምጪ ብሎ መመለስ ከሕጉ ውጭ ነው፤ ልጅቷንም ወደ ሥውር ውርጃ ይልካታል። አገልግሎቱን ካገኘች በኋላ እንቁላል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል፣ የመረጠችው መከላከያ ለቀጠሮ ሳይተላለፍ በዚያው ዕለት ከመሄዷ በፊት ሊሰጣት ይገባል።