የማገዶውን ጉዳይ ለተማሪዎች ስጧቸው

ከዲላ ወደ ደቡብ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን ያለፈ መንገደኛ የጌዴኦ ዞን አካል ወደሆነው ኮቸሬ ወረዳ ይገባል። ፍስሐ ገነት የምትገኘው እዚያ ነው። ኮቸሬ የሚለው ስም ባሕር ተሻግሮ የውጭ አገር ቡና ቆዪዎች በሚሸጡት ከረጢት ላይ ይነበባል። ያንን ቡና ከጥቅምት ጀምሮ እየለቀሙ እሸቱን ለመፈልፈያ የሚያስረክቡት ቤተሰቦች ግን አብዛኞቹ ማታ ማታ ራታቸውን የሚያበስሉት ዛሬም በእንጨት ነው። ስለ ኃይል ቁጠባ በዚህ አካባቢ ለመናገር የሚፈልግ ሰው መነሻው ማጀት መሆን አለበት።

በቴሌቪዥን የምንሰማው ምክር መነሻው ሌላ ነው። አምፖል አጥፉ፣ ካውያ ብዙ ሰው ኃይል በሚጠቀምበት ሰዓት አትሰኩ ይላል። ምክሩ ስህተት የለበትም፤ የሚያገለግለው ግን ቆጣሪ ላለው ሰው ነው። ኢትዮጵያ ከምትጠቀመው ኃይል ከአሥር ዘጠኝ እጅ ያህሉ የሚመጣው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኩራታችን ነው፤ ይሁንና ከግድቡ ተርባይን እስከ ገጠር ጉልቻ ያለው ርቀት ገና አልተዘጋም።

የጉልቻው ነገር አዲስ ጉዳይ አይደለም። በ1980ዎቹ በመንግሥትና በዓለም ባንክ ትብብር የተጠና የማብሰያ ማሻሻያ ሥራ ነበር። ከዚያ ሥራ የኬንያውን የሸክላ ከሰል ምድጃ መነሻ ያደረገችው፣ ላቀች የተባለችው ምድጃ ወጣች፤ ለእንጀራ መጋገሪያ ደግሞ ምርጥ የተባለው ምድጃ ተሠራ። ምርጥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ ተቀርጾ በቁራጭ የሚገጣጠም ነው። እሳቱን ከምጣዱ ሥር ያፍናል፤ በኋላ በኩል የሚወጣውን ሙቀትም ሌላ ድስት ለማሞቅ ያውለዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጀርመን የልማት ትብብር ድርጅት አምራቾችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው፤ ለድስት የሚሆነው ትክክል የተባለው ምድጃም ተከተለ። ኅዳር 2004 ዓ.ም. መንግሥት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂውን ሲያስተዋውቅ ቀልጣፋ ምድጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሠርቶበታል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ሦስቱ ጉልቻ ከቦታቸው አልተነሱም።

ለምን? ጥያቄውን ስለ ጌዴኦ ሳነሣው መልሱ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል። ምርጥ የተቀረጸው ለእንጀራ ነው። እንጀራ በፍስሐ ገነት ከተማ ይጋገራል፤ ከከተማው ወጣ ባለው ቀበሌ ግን የቤቱ ምግብ እንሰት ነው፤ ቆጮ ይጋገራል፣ ቦሎቄና ጎመን ይቀቀላል፣ ቡና በቀን ደጋግሞ ይፈላል። ድስት በተደጋጋሚ የሚጣድበት ቤት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለሚጋገር እንጀራ የተሠራ ከባድ ምድጃ ቢሰጠው ጥግ ላይ ያስቀምጠዋል። ባለሙያው ቤቱ ምን እንደሚበላ ሳይጠይቅ ምድጃ አመጣ፤ በስብሰባ የተጠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ምድጃውን የምታነደው ሴት የሰማችው ከባሏ በኋላ ነው፤ ጨርሶ ያልሰማችም ትኖራለች።

ጌዴኦ ለዚህ ጉዳይ የተለየ ቦታ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ 847 ሺህ ገደማ ሰው ነበረው፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ጨምሯል። እንዲህ ተጨናንቆ የሚኖር ሕዝብ አገሩን ደን አልብሶ መቆየቱ የሚያስገርም ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፣ ከዚያ በታች ደግሞ አትክልትና ሥራ ሥር በአንድ ማሳ አብረው ይበቅላሉ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ማገዶውም የሚገኘው ከዚሁ ጓሮ ነው፤ የተገረዘ ቅርንጫፍ፣ የተጎነደለ ቡና፣ የደረቀ እንሰት ሁሉ ይነዳል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል ያ ሁሉ ሕዝብ የሚያበስለው በእንጨት ነበር። ማሳ ከአባት ወደ ልጅ እየተከፋፈለ ሲጠብ ጓሮው ለማገዶ የሚሰጠውም አብሮ ይጠባል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ዛፍ ከቤቱ እሳት ጋር የሚሻማበት ቀን እንዳይመጣ መጨነቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ላይ ጭሱ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው በዓለም ላይ ሞቷል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ማን ይምራው? የኔ መልስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። በዚህ አገር ተሞክሮ የሠራ መንገድ ስላለ ነው እንዲህ የምለው። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወደየቀበሌው ተሠማርተው አዋቂዎችን ፊደል ካስቆጠሩት መካከል ተማሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ የጌዴኦ ቋንቋ ነበር። በማግሥቱ ዓመት ዘመቻው የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። የዘመኑን ፖለቲካ በተመለከተ ብዙ መከራከር ይቻላል፤ የዚያ ትውልድ ወጣቶች አዋቂዎችን ማስተማራቸውን ግን የሚክድ የለም። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ እናቷ ጎን ቁጭ ብላ የምታስረዳው ነገር ከቢሮ ተልኮ የመጣ ፖስተር ከሚለው በላይ ይሰማል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብንወስድ ምን ልትሠራ ትችላለች? የመጀመሪያው ሥራዋ መመዘን ነው። በቡና አገር ሚዛን ብርቅ አይደለም፤ እሸት ቡና በኪሎ ሲሸጥ ያላየ ልጅ የለም። አሥር ቤት መርጣ ለሦስት ቀን የሚነደውን እንጨት ትመዝናለች፤ ምድጃው ከተሻሻለ በኋላ ለሦስት ቀን ደግማ ትመዝናለች፤ በቤቱ ስንት ሰው እንደበላም ትጽፋለች። በዓለም ዙሪያ የምድጃ ተመራማሪዎች የሚሠሩት ከዚህ ብዙ የተለየ አይደለም። ቁጥሩ የመንደሩ ስለሆነ መንደሩ ያምነዋል።

ቀጥሎ ገንዘብ የማያስወጣው ነገር አለ። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ድስቱ ውስጥ የሚደርሰው ሙቀት አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ሲሆን ደግሞ እሳቱ በመጀመሪያ የሚሠራው ውኃውን ማትነን ነው፤ ዝናብ በዓመት ሁለት ወቅት በሚያገኘው ጌዴኦ ይህ ትልቅ ብክነት ነው። እንጨቱን ፈልጦ ከኮርኒስ ሥር ወይም ከምድጃው በላይ መደርደር፣ ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፎ ማደር፣ ድስት ከድኖ ማብሰል፣ ጉልቻውን ቢያንስ በጭቃ ከብቦ ነፋስ መከለል ሁሉም ከቤት ሳይወጣ የሚደረግ ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስለ ሙቀት የተማረችው ሁሉ እዚህ አለ።

በከተማው ቆጣሪ ላለው ሰው ደግሞ ሌላ ስሌት ታሳያለች። 60 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ 9 ዋት ኤልኢዲ በዚያው ሰዓት 1.35 ብቻ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ መብራት በፈረቃ ሲታደል መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን ያከፋፈለው ይህን አስልቶ ነው። ዋናው በላተኛ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ እስኪግል 15 ደቂቃ ቢፈጅ 0.875 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊጥ ሳይነካው አለቀ፤ በዚያ ኃይል ያ 9 ዋት አምፖል ማታ ማታ አምስት አምስት ሰዓት ለ19 ቀን ያበራ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በጋለ ምጣድ ላይ ተከታትለው ቢጋግሩ የአንዷን ማጋያ ያተርፋሉ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ስለተወሰነ ይህ ስሌት አሁን ሰሚ አያጣም።

አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊቀመንበር ወንድ ልጅ ሆኖ ንግግር ሲያደርግ፣ እንጨት የምትሸከመውና የምታነደው እህቱ ደግሞ ጸሐፊ ሆና ቃለ ጉባኤ ስትይዝ ብዙ አይተናል። በዚህ ሥራ ይህ አይሆንም። ጭሱ ዓይኗን የሚያቃጥላት፣ ለማገዶ ስትል የጥናት ሰዓቷን የምታጣ ልጅ የችግሩ ባለቤት እሷ ናት፤ መሪዋም እሷ ትሁን። ወንዶቹ ይፍለጡ፣ ይሸከሙ፣ ጭቃ ያቡኩ።

ተማሪ ብቻዋን የማትፈታው ነገር እንዳለም መታወቅ አለበት። የሲሚንቶ ዋጋ፣ የመስመር ዝርጋታ፣ የመብራት መቆራረጥ የመንግሥት ዕዳ ነው። የጀንፈል ቡና ሲፈለፈል የሚወጣው ገለፈት ክብደቱ ከንጹሕ ቡናው ጋር ይቀራረባል፤ ተጨምቆ ማገዶ ሊሆን የሚችል ሀብት ነው፤ መጭመቂያውን የሚገዛ ማኅበር ወይም ባለሀብት ግን ያስፈልገዋል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ነው፤ ቤተ ሙከራውን ለእነዚህ ልጆች ይክፈት።

የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ተቀምጠው ስለ መሬትና ስለ ዛፍ ሲመክሩ ኖረዋል፤ አንዲት ተማሪ የመዘነችውን ይዛ ፊታቸው ብትቆም እንዲያዳምጧት እጠይቃለሁ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራንና የክበብ ተጠሪዎች ሥራውን ከራሳችሁ ግቢ ጀምሩ፤ የተማሪ ምገባ ካላችሁ ወጥ ቤታችሁ በሳምንት ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚያነድ ልጆቹ ይመዝኑ። የወረዳውና የዞኑ አስተዳደርም በየዓመቱ የሚካሄደውን የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲያቅድ ከችግኝ ተከላውና ከማጠናከሪያ ትምህርቱ ጎን ለቆጮና ለድስት የሚሆን ምድጃ ሥራን ይጨምር። ዕቅዱ የሚጻፈው ከክረምቱ በፊት ነውና አሁኑኑ ይታሰብበት።