የቤተሰብ ሽምግልና በሰባተኛ

የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው የሥነ ልቦና ዘርፍ የተመሠረተው፣ በአንድ ልጅ ላይ የሚታይ ጭንቀት፣ ዝምታ ወይም አመፅ የልጁ ብቻ ችግር ሳይሆን በባልና በሚስት፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው ግንኙነት መናጋቱን ያመለክታል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. አርጀንቲና ውስጥ የተወለዱት ሳልቫዶር ሚኑቺን ይህን አስተሳሰብ ያዳበሩት በኒው ዮርክ ከጥቁር አሜሪካውያንና ከፖርቶ ሪኮ ከፈለሱ ድሃ ቤተሰቦች ጋር ሲሠሩ ነው። በማያሚ የኩባ ቤተሰቦችን ያከሙት ሆሴ ሳፖቺኒክ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ልጆች የአዲሱን አገር አኗኗር ከወላጆቻቸው ቀድመው ሲለምዱ በቤት ውስጥ ያለው ጠብ እንደሚባባስ አሳይተዋል።

በአዲስ አበባ በመርካቶ፣ በሰባተኛና በአካባቢው የሚኖሩ ከጉራጌ አገር የመጡ ቤተሰቦች ድንበር ባይሻገሩም ይህን በወላጅና በልጅ መካከል የሚፈጠር ልዩነት በሚገባ ያውቁታል። አባት ቸሃኛ ወይም እዣኛ እየተናገረ አድጎ፣ በንግድ ቤት ተቀጥሮ፣ በዕቁብ ገንዘብ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሲሆን፣ ልጁ በአማርኛ ያደገ፣ ለመስቀል አገር ቤት ሲሄድ አያቱን በአስተርጓሚ የሚያነጋግር ሊሆን ይችላል። ልጁ ሱቁን አልረከብም ሲል ወይም ልጅቱ ቤተሰብ ያልመረጠላትን ሰው ላግባ ስትል፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ለሰፈሩ ቅርብ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ አነጋግረው ፊት ለፊት ያገናኛሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲያቋርጥ አይፈቅዱም፤ ነገሩ ሲካረር ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ቀጠሮውም እልህ እስኪበርድ ጊዜ ስለሚሰጥ የሥራቸው ዋና መሣሪያ ነው። በመጨረሻ በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ጉልበት ይስማል፣ ምርቃትም ይከተላል። ይህ አሠራር የቤተሰብ ሕክምናን ቢመስልም፣ ከሕክምናው የሚለይበት ነጥብ በአቀማመጡ ላይ ጎልቶ ይታያል፦ ሚኑቺን አባትና ልጅን ወንበር እያቀያየሩ ያስቀመጡት የለመዱት ግንኙነት እንዲለወጥ ሲሆን፣ በሽምግልና ግን ትልቅ ሰው ከፍ ካለው ቦታ፣ ልጅ ከበሩ አጠገብ ስለሚሆን የቤቱ ደረጃ ሳይነካ እርቁ ይወርዳል። ጠቡ የተነሳው ከዚያው ደረጃ በሆነ ጊዜ እንዲህ ያለው እርቅ ብዙ አይዘልቅም።

ይህን ደረጃ የመንካት ጥያቄ በጉራጌ ዘንድ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የሰባት ቤት ጉራጌ የሽማግሌዎች ሸንጎ በሆነው በየጆካ ፊት ቆማ፣ ወንድ በሚስት ላይ ሚስት የሚደርብበትን፣ ሴት ግን በፈቃዷ ትዳሯን ማፍረስ የማትችልበትን ሥርዓት በመቃወም ተሟግታለች። የአገሪቱ ሕግም ቆይቶ የሽማግሌዎችን ሥልጣን ቀይሮታል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ውሳኔውን ለፍርድ ቤት መልሶ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ድርሻ ብቻ ተወላቸው። ይህ ለውጥ እጅግ ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ዱላ ባለበት ቤት ተበዳይቱን ወደ በዳዩ የሚመልስ እርቅ ጉዳትን ከማራዘም አያልፍም።

ሽምግልና ለሰባተኛ ወጣቶች የሚጠቅመው፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል ከተማ ያደገና ልጁ የሚያምነው ሰው፣ ሴትም ጭምር፣ ሲኖርበት፣ ልጁም ከበሩ አጠገብ ተነስቶ አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው እንዲናገር ሲፈቀድለት ነው።