ጂቡቲና ኢትዮጵያ፦ ሕጉ ሲለያይ ለጽንስ ሕይወት የሚሟገት ክርስቲያን መሠረቱ ምንድን ነው?

ከኢትዮጵያ ወደ ጂቡቲ ከተማ የሚሻገር ክርስቲያን ስለ ጽንስ ማቋረጥ የተለየ ሕግ ይጠብቀዋል። እ.አ.አ. በ1995 የወጣው የጂቡቲ የወንጀል ሕግ ድርጊቱን የሚፈቅደው ለሕክምና ዓላማ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ግን አስገድዶ መድፈርንና በዘመዳሞች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ጭምር በምክንያትነት ይቀበላል።

ለጽንስ ሕይወት የሚሟገቱ ክርስቲያኖች መነሻቸው የአገር ሕግ አይደለም። ሰው በእግዚአብሔር አምሳል መፈጠሩን፣ ኤርምያስ ሳይወለድ መቀደሱን፣ ዮሐንስም በኤልሳቤጥ ማኅፀን በደስታ መዝለሉን ይጠቅሳሉ። ዲዳኬ የተሰኘው ጥንታዊ የክርስትና ጽሑፍም ጽንስ ማስወረድን ይከለክላል።

የእናቲቱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ወይም ጽንሱ በመደፈር ሲመጣ ግን ክርስቲያኖችም በአቋም ይለያያሉ። ክልከላ ብቻውን በስደት ላለች ነፍሰ ጡር መጠለያም ሆነ ሕክምና አይሆናትም። የሙግቱ እውነተኛነት የሚፈተነውም ለእርሷ በሚደረገው እንክብካቤ ነው።