እጁ የቀዘቀዘ በሽተኛ

ከጮቄ ተራሮች ግርጌ ባለችው ሮብ ገበያ እጁ የቀዘቀዘ ሰው ማንንም አያስደነግጥም። ደጋ ነው፤ ጋቢ ይደረብለታል፣ ትኩስ ነገር ይሰጠዋል። በሽታው ጠንቶበት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተላከ እንደሆነም አስታማሚው ይህንኑ ልማድ ይዞ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። እጅ መቀዝቀዙ ግን አንዳንዴ የአየሩ ጉዳይ አይደለም። ደም ወደ ዳር አካላት በደንብ መድረስ ሲያቅተው የሚታይ የሴፕሲስ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሴፕሲስ ሰውነት ኢንፌክሽንን ሲዋጋ ልኩን ስቶ የራሱን ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ልብና አንጎል መጉዳት የሚጀምርበት ሁኔታ ነው። መነሻው የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በማጭድ የተቆረጠ እግር ወይም ከወሊድ በኋላ የተመረዘ ማህፀን ሊሆን ይችላል። ለሌላ ሕመም የተኛ ሰውም በክንዱ ላይ ከተተከለው መርፌ፣ ከሽንት ቱቦው ወይም ከቀዶ ሕክምና ቁስሉ ሊነሳበት ይችላል። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ላይ 48.9 ሚሊዮን ሰዎች በሴፕሲስ እንደተያዙና 11 ሚሊዮን ያህሉ እንደሞቱ ተገምቷል፤ አብዛኞቹ እንደኛ ባሉ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ትኩሳትን ብቻ መጠበቅ ያሳስታል። አራስ ሕፃናትና አረጋውያን በተለይ ሰውነታቸው ጭራሽ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በአዋቂ ላይ ትንፋሽ በደቂቃ 22 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ከወትሮው በተለየ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ የላይኛው የደም ግፊት 100 እና ከዚያ በታች ከወረደ ወይም ሽንቱ ካነሰ ሐኪም ወዲያው ሊያየው ይገባል። ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚናቀው ትንፋሽ ነው። ሰዓት ይዞ፣ በሽተኛው ሳያውቅ፣ ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በግምት ካርዱ ላይ የሚሰፍር «20» የሚል ቁጥር ሰው ያስገድላል።

ሌላው የጣት ምርመራ ነው። ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ የደም ዝውውሩ ተዳክሞ ይሆናል። የደጋ ብርድም ሊያዘገየው ስለሚችል እጁን አሙቆ መድገም፣ ውጤቱንም ከትንፋሹና ከአእምሮው ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ይገባል።

ሴፕሲስ ሾክ ላይ ከደረሰ አንቲባዮቲክ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተቻለ ለካልቸር (ጀርሙን ለመለየት ለሚደረግ ምርመራ) የሚሆን ደም አስቀድሞ ይቀዳል፤ መድኃኒቱን ግን ማዘግየት የለበትም። የተቋጠረ መግል ካልወጣ፣ የቀረ የእንግዴ ልጅ ካልተወገደ መድኃኒት ብቻውን አያድንም።

ስለ ፈሳሽ ትንሽ ልቆይ። ቤተሰብ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ብሎ ይማጸናል። ለወረደ ግፊት የሚሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር የሚባል ፈሳሽ ነው፤ መብዛቱም ሁልጊዜ አይጠቅምም። በዚያው በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዛምቢያ ውስጥ ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው በወረደ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ፈሳሽን ጨምሮ ሕክምናው ቶሎና በብዛት ከተሰጣቸው 48 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 33 በመቶ ናቸው። ፈሳሽ ይሰጥ፤ ነገር ግን እየተለካ፣ ሳንባው እየተደመጠ፣ ሽንቱ እየታየ ይሁን። ግፊቱ አልነሳ ካለ እንደ ኖርአድሬናሊን ያለ መድኃኒት ይጨመራል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ከፋርማሲ ገዝታችሁ የሰጣችሁትን ክኒን ሽፋን አምጡ፤ ሐኪሙ የሚቀጥለውን መድኃኒት የሚመርጠው እሱንም አይቶ ነው። ሌሊትም ቢሆን «ሲስተር፣ አባባ ከማታ ጀምሮ ንግግራቸው ተለውጧል፣ ትንፋሻቸውም ፈጥኗል» ብሎ መናገር ነውር የለውም። አባባን ከነርሷም ከሐኪሙም በላይ የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ።

ድነው ወደ ቤት ሲመለሱም ድካሙና መርሳቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ስንፍና አይደለም፣ ወደ እርሻም አትቸኩሉባቸው። ትኩሳት ወይም የትንፋሽ መፍጠን ከተመለሰ የቀጠሮውን ቀን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።