ሪል ቴፕ ከመከፈቱ በፊት

ካሴት ከመስፋፋቱ በፊት ድምፅ የሚቀዳው ስፋቱ 6.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ረጅም ክር ላይ ሲሆን፣ ክሩን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው እያሳለፈ የሚቀዳውና የሚያሰማው መሣሪያ ሪል ቴፕ ይባላል። ክሩ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ አንድ ገጹ በማጣበቂያ በተያዘ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ተለብጧል፤ ድምፁም የሚቀመጠው ሄድ የሚባለው ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት በዱቄቱ ላይ በሚተወው የማግኔት አሻራ ነው። የጀርመኑ ኡኸር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው «4000 ሪፖርት» በአምስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች የሚሠራና በትከሻ የሚነገት በመሆኑ፣ ጋዜጠኛውንም የባህል አጥኚውንም ከስቱዲዮ ግድግዳ ያላቀቀ መሣሪያ ነበር።

የእንዲህ ያለው ቴፕ ጥገና ለኢትዮጵያ ያለው ጥቅም የአሮጌ ዕቃ ወዳጆችን ከማስደሰት እጅግ ያልፋል። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ ስቱዲዮዎች በክር ተቀድተው በአውሮፕላን የሚላኩለትን ዝግጅቶች ያስተላልፍ ነበር፤ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው ድርጅት ያሳተማቸው ሸክላዎችም አስቀድመው የተቀዱት በክር ነው፤ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ የተባለችው የሙዚቃ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከመፍለሳቸው በፊት በመንደሮቻቸው ያዜሙት የነበረውን ሥርዓተ ጸሎት ቀድታለች።

በኮልፌ ቀራኒዮ ከአስኮ እስከ አየር ጤና ባሉት ሰፈሮች፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ የጥገና ቤቶች የዕለት እንጀራ ሞባይልና ቴሌቪዥን ቢሆንም፣ ቴስተር ማንበብና ብየዳ የለመደ እጅ ለሪል ቴፕም ይበቃል፤ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ የኖረ ቴፕ ሲገኝ ወዲያው ድንጋይ ጨምሮ መክፈት ያረጁ ካፓሲተሮችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁ ክፍሎችን፣ ሊያቃጥል፣ አንድ ብቻ የቀረውንም ክር ሊበጥስ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ኃይል ሳይሰጠው ይጀምራል። ክዳኑ በካቻቢቴ ሲፈታ አስቀድሞ የሚታየው የድንጋዩ ማስቀመጫ ነው፤ ተረስቶ የቀረ ድንጋይ ያፈሰሰው ፈሳሽ መገናኛዎቹን አረንጓዴ አድርጎ ስለሚበላቸው ይጠረጋሉ፣ ካልሆነም ይለወጣሉ። የሞተሩን ዙር የሚያስተላልፈው ችንጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ስለሚገኝ፣ አልኮል በነካ ጥጥ በትዕግሥት ጸድቶ በአዲስ ይተካል። ክሩን ከሚስበው ቀጭን የብረት ዘንግ ጋር አጣብቆ የሚይዘው የላስቲክ ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ፍጥነት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፤ ፍጥነቱ ሲዛባ ዜማው ራሱ ይለወጣልና። ከአሜሪካ የመጣ፣ በመብራት የሚሠራ ቴፕ ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከልለትም፣ ሞተሩ የመስመሩን ሞገድ ተከትሎ የሚዞር ከሆነ ለ60 ሄርዝ የተሠራው በኢትዮጵያው 50 ሄርዝ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል፤ ያኔ የሴት ድምፅ የወንድ ይመስላል፣ የበገናው ቅኝትም ወርዶ ተመራማሪውን ያሳስታል። በደከመ ድንጋይ የተቀዳ ክር ደግሞ በትክክለኛ ፍጥነት ሲደመጥ በተቃራኒው ይፈጥናል።

መሣሪያው ከተስተካከለ በኋላም ውዱ ክር ወዲያው አይጫንም፤ መጀመሪያ ምንም በማያስቆጭ ክር ይሞከራል፣ ሄዱ ይጸዳል፣ የኖረውን ድምፅ እንዳይደመስስም የመቅጃው ቁልፍ ይታገዳል። ቀጥሎ ጥቅሉ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታያል። ብርሃን የሚያሳልፈው ከአሴቴት የተሠራ አሮጌ ክር ሲሆን፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ መበላሸት ጀምሯል። ብርሃን የማያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከተመረቱት አንዳንዶቹ ማጣበቂያቸው እርጥበት ስቦ ሄዱ ላይ ቡናማ ሙጫ ስለሚተው፣ በባለሙያ ቁጥጥር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሰዓታት እንዲሞቁ ተደርገው ሳይውሉ ሳያድሩ ይገለበጣሉ። አሴቴትን ግን ማሞቅ ማጥፋት ነው።

የመጨረሻው ማስተካከያ የጆሮ ሥራ ነው። ሄዱ በክሩ ላይ ያረፈበት ማዕዘን በጥቂቱ እንኳ ከተዛነፈ ቀጫጭን ድምፆች ስለሚጠፉ፣ ጠጋኙ በሄዱ ጎን ያለችውን ብሎን በጥንቃቄ እያዞረ የተናጋሪው «ስ» እና «ሽ» ጥርት ብለው እስኪሰሙ ያዳምጣል፤ እያንዳንዱ ክር የተቀዳበት መሣሪያ የየራሱ ማዕዘን ስለነበረው ይህ ለእያንዳንዱ ክር ይደገማል። ድምፁ በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ሄርዝ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥም የተደመጠበት ፍጥነትና በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይመዘገባል፤ ዋናው ክር ደግሞ ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያ ርቆ፣ ከእርጥበት ተጠብቆ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይቀመጣል።