በወለጋ ከተሞች የኤሌክትሪክ አገልግሎት ባለቤት ማን ነው?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ፣ በሻምቡና በሌሎች የወለጋ ከተሞች መብራት ሲቋረጥ ብዙ ነዋሪዎች አቤቱታቸውን በቅድሚያ የሚያቀርቡት ለከተማ አስተዳደር ነው። የመጠጥ ውኃ አገልግሎት በከተማ ደረጃ በተቋቋመ ድርጅት የሚመራ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪኩም የከተማው ንብረት ነው ተብሎ ቢታሰብ አያስገርምም። በሕግ ግን የሁለቱ አገልግሎቶች ባለቤትነት የተለያየ ነው። ልዩነቱን አለማወቅ ተገልጋዩን ለአላስፈላጊ ምልልስ ይዳርገዋል።

የኤሌክትሪክ አገልግሎት በከተሞች ባለቤትነት የሚተዳደርባቸው አገሮች አሉ። በአሜሪካ ወደ 2,000 የሚጠጉ የከተሞችና የሕዝብ ኤሌክትሪክ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1940 በተመሠረተ አገር አቀፍ ማኅበር ይወከላሉ። ማኅበሩ ጥያቄያቸውን ለመንግሥት ያቀርባል፤ ሠራተኞቻቸውን ያሠለጥናል፤ አውሎ ነፋስ የአንዱን ከተማ መስመር ሲጥል የሌሎች ከተሞች የጥገና ቡድኖች እንዲደርሱ ያስተባብራል።

ኢትዮጵያ የተከተለችው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ስም መነሻ ይኸው ነው። ከዋናው የኃይል መረብ ርቀው የነበሩ ከተሞች ለብቻቸው በናፍጣ ጀነሬተር ያገለግሉ ነበር። ነዳጁ በመኪና ተጓጉዞ የሚመጣ በመሆኑ አገልግሎቱ ውድ ነበር፤ በብዙ ቦታም ከምሽቱ ጥቂት ሰዓታት አያልፍም ነበር።

የወለጋ ታሪክ በዚህ ረገድ የራሱ ገጽታ አለው። በሆሮ ጉዱሩ የፊንጫ ወንዝ ተገድቦ እ.ኤ.አ. በ1973 ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ጣቢያው በመጀመሪያ 100 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው፤ አራተኛው ተርባይን ሲጨመርለት አቅሙ 134 ሜጋ ዋት ደረሰ። ግድቡ በፈጠረው ሐይቅ ምክንያት በርካታ አርሶ አደሮች የግጦሽና የእርሻ መሬታቸውን አጥተዋል። የመነጨው ኃይል ግን በከፍተኛ መስመር ወደ አዲስ አበባ ስለተላከ፣ በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቀበሌዎች ለረጅም ዓመታት ከኩራዝ ብርሃን አልተላቀቁም። «ውኃው የእኛ፣ መብራቱ የሌላ» የሚለው ቅሬታ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የአመርቲ ነሼ ጣቢያም በዚሁ አካባቢ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ጣቢያው በቅርብ መኖሩ ብቻውን ለአንድ ቤት መብራት አያስገባም። የመነጨው ኃይል በሙሉ ወደ አንድ ብሔራዊ መረብ ይገባል፤ ከዚያም የሚቀርበው ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የስርጭት መስመርና ትራንስፎርመር ሲኖሩ ነው። በአንድ መረብ የመተዳደር ጥቅሙ ደግሞ በዋጋ ይታያል፤ የነቀምቴ ነዋሪ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ታሪፍ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል ነው። ሌላ አካባቢ ለማገልገል የሚወጣው ከፍተኛ ወጪ በዚያው አካባቢ ነዋሪ ላይ ብቻ አይጫንም። እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ቢተዳደር ኖሮ ትናንሾቹ ከተሞች ይህን ሸክም በቀላሉ ባልቻሉት ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ። በደንብ ቁጥር 302/2006 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎችንና ዋና የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮችን ይዟል። በደንብ ቁጥር 303/2006 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ስርጭቱንና ሽያጩን ያካሂዳል። ስለዚህ ቆጣሪ፣ የፍጆታ ሂሳብ፣ የወደቀ ምሰሶና የተቃጠለ ትራንስፎርመር የሚመለከቱት አገልግሎቱን ነው። የከተማ አስተዳደሩ ድርሻ የመስመር መንገድ ማመቻቸትና አዲስ ቆጣሪ ለሚጠይቁ ነዋሪዎች የይዞታ ማስረጃ መስጠት ነው።

ከብሔራዊው መረብ ውጭ ላሉ መንደሮች ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የግል ባለሀብቶች ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ፈቃድ አውጥተው በአነስተኛ መረብ ኤሌክትሪክ ማቅረብ ይችላሉ። በማኅበረሰብ ባለቤትነት ለመሥራት የሚሻ ቀበሌ ሊያጤነው የሚገባው አማራጭ ይህ ነው። ማኅበሩ የሚያስከፍለው ታሪፍም በባለሥልጣኑ መጽደቅ አለበት።

በጎረቤት አገሮች ደረጃ ግን ኢትዮጵያም የማኅበር አባል ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ አባል አገሮች ኃይል የሚሸጡበትንና የሚገዙበትን ሥርዓት ያስተባብራል።

ብልሽት ሲያጋጥም ወደ ጥሪ ማዕከሉ በ905 መደወል ወይም በአቅራቢያ ወዳለው የአገልግሎቱ ማዕከል መቅረብ ይገባል። ሲያመለክቱ የደንበኛ ወይም የቆጣሪ ቁጥር መያዝ ሥራውን ያፋጥናል። ለምሶሶ ወይም ለትራንስፎርመር በሚል ለግለሰብ ገንዘብ ማዋጣት አይገባም፤ ማንኛውም ክፍያ የሚፈጸመው በአገልግሎቱ በኩል ብቻ ሲሆን፣ ለተከፈለው ገንዘብ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።